ስለ አጭር ልብ ወለድ ውድድርና ስለ ጽሑፍ ማኅበር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደብረ ብርሃን አማርኛ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከተማሪዎች፣ ከመንግሥት ሠራተኞችና ከጡረተኞች ጋር ተሰብስበን አንዳችን የጻፍነውን ሌላችን እናነባለን። በዚያች ክፍል ጥሩ መጻፍ የሚችሉ ሰዎች ከብዕር ሲርቁ ያየሁት ችሎታ አንሷቸው አይደለም፤ ስለ ውድድርና ስለ ሂስ የያዙት ሐሳብ የተሳሳተ ስለ ነበረ ነው። ደጋግሜ የሰማኋቸውን እነሆ።

«መጻፍ ተሰጥኦ ነው፤ ሰው ከነካካው ይበላሻል»

ይህ አባባል ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል፤ የገዛ አገራችን የቆየ የድርሰት ትምህርት ተቃራኒውን ሲያሳይ ኖሯልና። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ከዛፍ ጥላ ሥር ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም ይፈጥራል፤ ሲመሽ የቆጠረውን ይዞ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩም ዜማው የሰበረበትን፣ ምሥጢሩ ያልሰመረለትን፣ ሰሙ ወርቁን መሸከም ያቃተውን እየለዩ ያቀኑለታል፤ አጠገቡ ያሉት ተማሪዎችም የእርሱን እርማት ሰምተው ለነገው ቅኔያቸው ይማሩበታል። ለብቻ መፍጠርና በጉባኤ መታረም እዚያ የአንድ ቀን ሁለት ክፍሎች ናቸው። ከዚህ ሥርዓት የወጡ ባለቅኔዎች ድምፃቸው ተመሳሳይ ሆኖ አልቀረም፤ እንዲያውም አንዱን ከሌላው የሚለየው መንገድ የተገለጠው፣ ከእርማቱ በኋላ የራሱ የሆነው ነገር ጠርቶ ሲታይ ነው። ተሰጥኦ የለም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ተሰጥኦ ያለው ተማሪም ቢሆን ሲመሽ ከመምህሩ ፊት መቅረቡ አይቀርለትም።

«አጭር ልብ ወለድ ለረጅሙ መለማመጃ ነው»

ከቅኔ ዓይነቶች ሁለት ቤት (ስንኝ) ያለው ጉባኤ ቃና ለጀማሪ የሚሰጥ ቢሆንም ስምንት ቤት ያለውን መወድስ የሚቀኝ ሊቅ አይንቀውም። አጭር ልብ ወለድም የራሱ ሕግ ያለው ሥራ ነው። ኬን የተባለው የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ሽልማት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የሚሰጠው ለአንድ አጭር ልብ ወለድ ነው፤ በ2021 ያሸነፈችውም ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሜሮን ሀደሮ ናት።

«የቃላት ገደብ ታሪኬን ያንቀዋል»

ገደቡን እኔም ለረጅም ጊዜ ጠልቼዋለሁ። ሐሳቤን ያስለወጠችኝ ከመንዝ የመጣች አንዲት የቡድናችን አባል ናት። ገደቡ 2,000 ቃላት ለሆነ ውድድር 3,400 ቃላት ያለው ታሪክ ጽፋ መጣች። ታሪኩ ባሏ ባና ሊሸምንበት የሚጠብቀውን የበግ ጠጉር ስለምትፈትል፣ ሆኖም ድሩን በድብቅ ለሌላ ሸማኔ ስለምትሸጥ ሴት ነው። የመጀመሪያው ገጽ ከዳር እስከ ዳር የጓሳ ተራራ ጉም ገለጻ ነበር፤ የመጨረሻው አንቀጽ ደግሞ ሴቲቱ ለምን እንደዋሸች ያብራራል። ጸሐፊዋ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትቆርጥ ከረመች። ጉሙ ሄደ፣ ማብራሪያው ሄደ፣ ከሁለት ጎረቤቶች አንዷ ብቻ ተረፈች፤ ታሪኩም ሴቲቱ ድሩን በክንዷ ስትለካ ተጀመረ። እኛ አንባቢዎቹ ለምን እንደዋሸች የገባን ማብራሪያው ከወጣ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ጸሐፊዋ ስለምትነግረን ራሳችን አንፈልግም ነበር።

በዚህ ላይ የቋንቋችን ጠባይ ይረዳናል። «ስላልነገረችኝ» የሚለው አንድ ቃል ምክንያቱን፣ አሉታውን፣ ባለቤቱንና ተሳቢውን በአንድነት ይዟል፤ እንግሊዝኛ ለዚሁ በርካታ ቃላት ያስፈልጉታል። ስለዚህ በአማርኛ 2,000 ቃላት ከሚመስለው በላይ ሰፊ ቦታ ነው። ቦታ የሚያጣብበው ቋንቋው አይደለም፤ «እጅግ በጣም» እያልን፣ አንዱን ስሜት በሦስት ቅጽል እየደረደርን የምንጽፍበት ልማድ ነው።

«ካልተመረጥኩ ጽሑፌ የማይረባ ነው፤ ወይም ዳኞቹ አድልተዋል»

ሁለቱም መደምደሚያዎች ውድድር እንዴት እንደሚካሄድ ካለማወቅ ይመጣሉ። በደንብ በተዘጋጀ ውድድር የጸሐፊው ስም ከጽሑፉ ላይ ይነሣና ጽሑፉ በቁጥር ብቻ ይታወቃል። በመጀመሪያ ማጣሪያ ብዙ ጽሑፎች የሚወድቁት በቀላል ምክንያት ነው፤ ገደቡን አልፈዋል፣ ከተሰጠው ርዕስ ወጥተዋል፣ ስም በውስጡ ተጽፏል፣ ቀኑ አልፏል። ብዙ የሚያነብ ሰው ደግሞ የታሪኩ ጉዳይ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ካልታየው ለቀጣዩ ያለው ትዕግሥት ይሳሳል። ከዚያ የተረፉት በብቃት ተቀራራቢ ስለሚሆኑ፣ በመጨረሻዎቹ ጥቂቶች መካከል ያለው ምርጫ በአብዛኛው የዳኞች ዝንባሌ ነው፤ በሌሎች ሦስት ዳኞች እጅ ቢወድቁ ቅደም ተከተላቸው ሊለወጥ ይችላል። አድልዎ የለም አልልም፤ የጸሐፊውን ስም ከጽሑፉ ላይ ሳያስወግዱ የሚዳኙ፣ መስፈርታቸውንም የማይገልጹ ውድድሮች አሉና ከመላክ በፊት ደንቡን ማንበብ ይገባል። ለምሳሌ የኮመንዌልዝ (የብሪታንያና በአብዛኛው የቀድሞ ቅኝ ግዛቶቿ ማኅበር) የአጭር ልብ ወለድ ሽልማት ከ2,000 እስከ 5,000 ቃላት ይቀበላል፤ ነገር ግን ለአባል አገሮች ዜጎች ብቻ ስለሆነ ኢትዮጵያዊ ዜጋ ቢልክ ድካሙ ከንቱ ነው።

አንድ ወጣት ውጤት በተነገረ ማግስት ጽሑፉን ከስልኩ ላይ አጥፍቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ በቡድናችን አንድ ልማድ አበጅተናል፤ ያልተመረጠ ታሪክ ለሁለት ወር ሳይነካ ይቆይና እንደገና ይነበባል። ከተስፋና ከብስጭት ርቀው ሲያነቡት፣ ደካማው ቦታ ለራስ ይታያል። እኔ ከውድድር ያገኘሁት ትልቁ ጥቅምም የማስረከቢያ ቀን ነው። ያለ እርሱ ከጀመርኳቸው ታሪኮች ግማሾቹ ባልተጠናቀቁ ነበር፤ ያላለቀ ታሪክ ደግሞ ሊታረም አይችልም።

«ጥሩ የጽሑፍ ማኅበር የሚያበረታታ ነው»

ማበረታታት ደግ ነው፤ ሆኖም የእኛ ትልቁ ችግር የማበረታቻ እጥረት አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። በቴሌግራም ላይ ግጥም የለጠፈ ሰው በደቂቃ ውስጥ «ብዕርህ ይባረክ» የሚል መልስ ይጎርፍለታል፤ የት ላይ እንደተሰላቹ የሚነግረው ግን የለም። ይሉኝታን በስድብ መስበር ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። እኛን የረዳን ጥያቄውን መለወጥ ነው። «እንዴት ነው?» ብለን መጠየቅ ትተን፣ «የት ላይ ማንበብ ልታቆም ፈለግህ? የት ላይ ወደ ኋላ ተመልሰህ አነበብህ? ማንን ከማን መለየት አቃተህ?» እንላለን። ጸሐፊው በዚህ ጊዜ ዝም ይላል፤ ማብራራት ከጀመረ ወረቀቱ ላይ ያላስቀመጠውን በአፉ እየጨመረ ነውና።

በአንድ ቅዳሜ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ፣ አያቷ ሊሆኑ ለሚችሉ የቡድናችን አባል፣ አንገቷን ደፍታ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ልጁ ለምን ቤቱን ጥሎ እንደሄደ አልገባኝም» አለቻቸው። ብዙ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጥቂት ቆይተው፣ «እኔም አላውቀውም ነበር፣ ልጄ፤ ለዚህ ነው የዘለልኩት» አሏት። ክብሩ ሳይጎድል እውነቱ ተነገረ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይዘውት የመጡት ገጽ ከታሪኩ ሁሉ የላቀው ነበር። ከእርሳቸው ይልቅ የተጠቀመችው ግን ልጅቷ ትመስለኛለች፤ በሰው ጽሑፍ ላይ ያየችውን ቀዳዳ በራሷ ላይ መፈለግ የጀመረችው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። አስተያየት የሚሰጥ ሰው ከሚቀበለው ይበልጥ እንደሚማር ደጋግሜ አይቻለሁ።

«ሐሳቤን ይሰርቁኛል»

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የሚሰጠው ለሐሳብ ሳይሆን ሐሳቡ ለተገለጸበት ሥራ ነው፤ ሥራው ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮም ምዝገባ ሳያስፈልግ መብቱ ይጸናል። «ሚስት ድር ትሸጣለች» የሚለውን ሐሳብ አሥር ሰው ቢጽፈው አሥር የተለያየ ታሪክ ይወጣል። ሊጠነቀቁት የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ውድድሮች ያልታተመ ሥራ ብቻ ይቀበላሉ፣ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም የተለጠፈውንም እንደታተመ ይቆጥሩታል።

«ሥነ ጽሑፍ ያለው አዲስ አበባ ነው»

መጽሐፍ መሸጫውና የምረቃው ድግስ በብዛት እዚያ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመርሐ ቤቴ ልጅ ናቸው፤ ከበደ ሚካኤልም የተወለዱት በደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። ዛሬ ደግሞ አብዛኛው ጽሑፍ በኢሜይል ስለሚላክ 130 ኪሎ ሜትሩን መጓዝ አያስፈልግም። ለገጠሩ ጸሐፊ ከርቀቱ ይልቅ የሚጎዳው የፊደሉ ጉዳይ ነው። ፓወር ግዕዝ በተባለው የቆየ የአማርኛ መተየቢያ የተጻፈ ፋይል ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ብቻ ይታያሉ፤ ዳኛውም ሊያነበው አይችልም። ጽሑፉ ከተማ ውስጥ የጽሕፈት አገልግሎት በሚሰጥ ቤት የሚተየብ ከሆነ በዩኒኮድ፣ ማለትም በየኮምፒዩተሩና በየስልኩ በሚነበበው የፊደል ሥርዓት፣ እንዲሆን ጠይቁ፤ ከመላካችሁም በፊት በሌላ ሰው ስልክ ላይ ከፍታችሁ ከመጀመሪያው መሥመር እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ተመልከቱት።