«የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም» የማን ቃል ነው?

ባለፈው ሰሞን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ለመውረድ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። መኪናው ሞልቶ ሊነሳ ሲል አንዲት ሴት ልጇን እንዳዘለች ወደ መስኮቱ ተጠጋች። «ስለ ማርያም» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከፊቴ የተቀመጠው ሰው ማተቡ ከሸሚዙ ኮሌታ በላይ ይታያል፣ ልብሱም ደህና ነው። «እህቴ፣ እሱ የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም» አላትና መስኮቱን ዘጋው። በክፋት አልነበረም። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ልክ እንደ ምርቃት ነው ያለው። ሐረጎን እስክንወርድ ድረስ ግን ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣም፤ ምክንያቱም ይህን አባባል ያሳደገኝ ቤት እንዲህ አድርጎ ሲለው ሰምቼ አላውቅም።

ትርጉሙን አማርኛ ለሚያውቅ ሰው መዘርዘር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ይልቅስ ሁለት ቃሎቹን ላንሳ፤ «አያድርም» እና «ጉሮሮ»።

አማርኛችን ሰውን የሚቆጥረው በማደር ነው። የሚያርሰው አርሶ አደር፣ ከብት የሚያረባው አርብቶ አደር፣ ወታደሩ ወጥቶ አደር፣ የሚበላው ያጣው ደግሞ ጦም አዳሪ ነው። ጧት ስንገናኝ የምንጠያየቀው ስለ ሌሊቱ ነው፤ «እንዴት አደራችሁ?» መልሱም «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ ሌሊቱ በደህና መንጋቱ ራሱ ምስጋና አለው። ገበሬ ቤት ምሳ ቢቀር ማንም ጉዳይ አይለውም። ሥራ ላይ ነበርን ይባላል፣ ጥሬ ቆረጣጥሞ ይታለፋል። ራት ሳይቀምሱ መተኛት ግን የቤቱ ሐዘን ነው። የቤቱ ዓይን የሚከደነው ከልጆች የመጨረሻው ጎርሶ ሲጨርስ ነው። እንግዲህ አባባሉ እግዚአብሔርን በዚሁ በእኛ ግስ ውስጥ ያስገባዋል። እሱም አባወራ ነው፤ ልጆቹ ሳይቀምሱ አያድርም። በየቀኑ «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» እያለ አባታችን ሆይ የሚደግም ሕዝብ የዓመት ቀለብ አይለምንም፤ የዕለቱን ነው የሚለምነው። ለዕለት ጉርስ፣ ለዓመት ልብስ የምንለውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ጉርስ በቀን ይለካል።

ጉሮሮው ግን ለብዙ ጊዜ ሲያስገርመኝ የኖረ ነገር ነው። ለምን ጉሮሮ? አማርኛ ስለ ረሃብ ሲያወራ ሆድና አንጀት ያነሳል። ሆዴ ባዶ ነው፣ አንጀቴ ታጠፈ፣ ሞረሞረኝ እንላለን። የተራበ ሰው ጉሮሮው ተከፈተ አይባልም። ታዲያ ይህ የተከፈተ ጉሮሮ የማን ነው?

እኔ የራሴ መልስ አለኝ፤ ከማሽላ ማሳ ያገኘሁት ነው።

አያቶቼ፣ አባባና እምዬ፣ የሚኖሩት ወሎ ውስጥ ከውጫሌ ወረድ ብሎ፣ የአምባሰል ተራራ ከጀርባ በሚታይበት ቆላ ነው። እዚያ ማሽላ ሁሉ ነገር ነው፤ እንጀራው፣ ጠላው፣ ቅጠሉ ለከብት፣ አገዳው ለማገዶና ለአጥር። ማሽላ ሲያፈራ ደግሞ ጠላቱ ብዙ ነው፤ ቀን ወፍ፣ ሌሊት ከርከሮና ጃርት። ስለዚህ ማሳው መሃል ማማ ይሠራል። አራት ባላ ይተከላል፣ ላዩ በእንጨት ይረበረባል፣ አገዳ ይነጠፍበታል፣ ከላይ ጥላ ይደረግለታል። ፍሬው ወተት መቋጠር ሲጀምር፣ ከጥቅምት አንስቶ፣ ልጅ የተባለ ሁሉ ከጎህ ጀምሮ ማማ ላይ ይወጣል። ወንጭፋችን ከቃጫ የተገመደ ነው። ድንጋዩ ሲወነጨፍ ፉጨት አለው፣ ጅራፉ ሲጮህ ደግሞ ከወዲያኛው ጋራ ይመለሳል። ግሪሳ ሲመጣ ሰማዩ ይጠቁራል። ከማማ ማማ እየተጯጯህን አንዱ ለሌላው ያሻግረዋል። ማታ ድምፃችን ተዘግቶ ነበር ወደ ቤት የምንገባው።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ከማሳው ድንበር ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ ጎጆ አገኘሁ። በሣር የተሸመነ፣ ከእፍኝ የማይበልጥ። ቅርንጫፉን ገለጥ አድርጌ አየሁ፤ አራት ጫጩቶች። ላባ የላቸውም፣ ዓይናቸው ገና አልተገለጠም። ጥላዬ ሲያርፍባቸው እናታቸው የመጣች መሰላቸውና አራቱም አንገታቸውን አስግገው አፋቸውን በረገዱት። ውስጡ ቀይ ነው። ክንፍ ቢባል ክንፍ አይደለም፣ እግር ቢባል እግር አይደለም፤ ሰውነታቸው ሁሉ ጉሮሮ ብቻ ነበር። እኔ በእጄ ድንጋይ ይዣለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የማባርራቸው ሌቦች ልጆች ናቸው፤ ነገ አድገው ማሽላችንን የሚበሉ።

አባባ ከኋላዬ መጥቶ ነበር። ድንጋዩን አላስጣለኝም፤ «ቆይ፣ ትንሽ ጠብቅ» ብቻ አለኝ። ፈንጠር ብለን ተቀመጥን። እናቲቱ መጣች። በአፏ የያዘችው ማሽላ አልነበረም፤ ትል ነው። አንዱን ጉሮሮ ዘጋች፣ ሄደች፤ ተመልሳ ሌላውን ዘጋች። ለልጆቿ ትል፣ ለራሷ ማሽላ እንደምትለቅም ያን ቀን ነው ያወቅኩት። «አየህ» አለኝ አባባ፤ «እሱ የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም። ወፏን ከማሽላው አባርራት፤ ከልጆቿ ግን አታባርራት።» ከዚያ ወዲህ በዚያ ቁጥቋጦ አጠገብ ያለውን ጥግ የሚጠብቅ አልነበረም። ያ ጥግ የወፍ ነው ይል ነበር።

እንግዲህ የእኔ እምነት ይህ ነው፤ ይህን አባባል መጀመሪያ ያለው ሰው ጫጩት ያየ ሰው ነው። ከእንስሳ ሁሉ ረሃቡን በጉሮሮው የሚያሳይ ጎጆ ውስጥ ያለ የወፍ ልጅ ነው። በዚያ ላይ ዳዊት አለ። በመዝሙር 146 ላይ እግዚአብሔር «ለሚለምኑት ለቁራዎች ልጆች ምግባቸውን የሚሰጥ» ተብሎ ይመሰገናል። ዳዊት የደገመ ሰው በገጠራችን ጥቂት አልነበረም፤ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ የዘለቀ እስከዚያ ይደርሳል። አንዱ ዳዊት የደገመ ገበሬ ማማ ላይ ሆኖ ያንን ቀይ አፍ ሲያይ የቁራው ልጅ ትዝ ባይለው ነው የሚገርመኝ። ጎረሰ፣ ጉርስ፣ ጉሮሮ የሚሉት ቃላት እርስ በርስ መመሳሰላቸውም ነገሩን የረዳው ይመስለኛል፤ ለጆሮ ይጣፍጣልና። ማስረጃህን አምጣ የሚለኝ ካለ፣ የምሰጠው ያችኑ ጎጆ ነው።

አባባ ራሱ ዳዊት የደገመ ነበር። ሌሊት ከርከሮ ለመጠበቅ ማማ ላይ ሲያድር አንዳንዴ ይዞኝ ይወጣ ነበር። ከታች እሳት ይነዳል። ጨለማው ውስጥ የአምባሰል ጫፍ ከሰማዩ የበለጠ ጠቁሮ ይታያል። አባባ ወደዚያ አቅንቶ «አንሣእኩ አዕይንትየ መንገለ አድባር» ይላል፤ ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ። ሰው ስለ ጥበቃ ሲጸልይ ከዚህ ከ120ኛው መዝሙር የተሻለ የት ያገኛል? «እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም፣ አያንቀላፋም» የሚለው እዚያ ነው። አባባ ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት ዓይኑን ሳይከድን ይጮኻል፣ እሳቱን ይቆሰቁሳል፣ ማሳውን ይዞራል። ከዚያ ጋቢውን ይከናነባል። «አባባ፣ ብትተኛ ከርከሮው ይገባል» ስለው «እኔ ተራዬን ጠብቄያለሁ፤ የቀረው የእሱ ነው» አለኝና ወዲያው አንኮራፋ። ለእኔ እምነት ማለት እስከ ዛሬ ያች ማንኮራፋት ናት። የማይተኛ ጠባቂ እንዳለ ያወቀ ሰው፣ ድርሻውን ሠርቶ መተኛት ይችላል። የዘፈቀደ እንቅልፍ አልነበረም።

ስለዚህ ነው «ሳይዘጋው አያድርም» የሚለውን ከምግብ ጋር ብቻ የማላያይዘው። መጠበቅና ማብላት በአንድ አባት እጅ ያሉ ሥራዎች ናቸው። ከብትን ከጅብ የሚጠብቅ እረኛ ነው ሣር ወዳለበት የሚወስዳቸው።

የአባባሉ ሁለተኛ ቤት ደግሞ የእምዬ ጎጆ ነው፤ በመስከረም። መስከረም ሲባል ከተማ ያደገ ሰው አደይ አበባና ችቦ ይታየዋል። ለእኛ አገር ገበሬ ግን የጎተራው መጨረሻ ነው። ያምናው እህል ክረምቱን ሙሉ ተበልቷል፣ የዘንድሮው ገና አበባ ላይ ነው። መስከረም 21 ደግሞ የግሸን ማርያም ንግሥ ነው፤ ተሳላሚው ከየአገሩ መንገድ የሚጀምረው በዚያው ሰሞን ነው። ዛሬ መኪና አለ፤ በልጅነቴ ከሰሜን በኩል በእግሩ የሚመጣው ብዙ ነበር። በሶና ቆሎ በስልቻ ይዞ፣ መቋሚያ እየተመረኮዘ። ሲመሽበት ካገኘው አጥር ሥር ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። «እነማን ናችሁ?» «የመሸብን የእግዜር እንግዶች።» «ቤት የእግዜር ነው፤ ግቡ።»

አንድ ምሽት ሰባት ሆነው ገቡ። እምዬ ወደ ጎተራው ሄደች። ቅሉ የጎተራውን ግርጌ ሲፍቅ ተሰማን። ያ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ የቤቱ ልጆች ሁላችንም እናውቃለን። የተጋገረውን የማሽላ እንጀራ አውጥታ ለእንግዶቹ ሽሮ ስታቀርብ የእኛ ድርሻ ወደ እሩብ ወረደ። ያን ጊዜ ነው፣ እጇ መሶቡ ውስጥ እያለ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ «እሱ የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም» ያለችው። እንግዶቹ ጸልየው ሲተኙ በጓሮ በኩል የጎረቤታችን ልጅ መጣች። ሙስሊሞች ናቸው፤ እንግዳ ሲገባልን አይተው ነበር። በሰፌድ ዱቄት ይዛለች። «ሪዝቃችሁ ነው ብላለች እማ» አለችና፣ ሲሳያችሁ ማለቷ ነው፣ ሳትቀመጥ ተመለሰች። ጧት እንግዶቹ ስንቅ ቋጥረው ነው የወጡት።

እንግዲህ ወሎ ላይ ቆሞ ይህን አባባል የሚያነሳ ሰው አንድ ነገር ዘሎ ማለፍ አይችልም። በዚህ አገር ሳይዘጋ ያደረ፣ ሳይዘጋ የቀረ ጉሮሮ ብዙ ነው። የ1965 እና 66 ረሃብ አለ። ሰባ ሰባት አለ። እምዬ በሰባ ሰባት ሁለት ልጆች ቀብራለች። በልጅ አፌ «ታዲያ ያኔ ለምን አልዘጋውም?» ብዬ ጠይቄያታለሁ፤ ዛሬ ሳስበው እንኳ ሰውነቴን ይወረኛል። ብዙ ቆየች። ምጣዱን ወለወለች፣ አክንባሎውን ገጠመች። «ልኮ ነበር፣ የኔ ጌታ። መንገድ ላይ የያዙበት ሰዎች ናቸው» አለችኝ።

ሳድግ ታሪኩን አነበብኩ። የመጀመሪያው ረሃብ ሲብስ የጊዜው መንግሥት ለዓለም ሸሽጎት ነበር። በሁለተኛውም መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ስታከብር፣ የወሎ ገበሬ ቤቱን ዘግቶ የረሃብተኛ መጠለያ ወዳለበት ወደ ኮረም እየተጓዘ ነበር። ዝናብ መቅረቱ እውነት ነው። ደጋው በልግ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ማንም ያውቃል። ነገር ግን እምዬ ያለችውን ያህል አሳጥሮ የነገረኝ መጽሐፍ የለም። እሷ እግዚአብሔርን አልካደችም፤ ሰውንም በነፃ አላሰናበተችም።

ዛሬ አባባሉን የምንጠቀምበት መንገድ የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው። አንዱ ሥራ ሳይፈልግ ተኝቶ ይለዋል፤ አባባ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ጮኾ ነው የተኛው። ሌላው ለስድስተኛ ልጁ ማመካኛ ያደርገዋል። ድሮ አራስ ቤት ሲባል እኮ እያንዳንዷ ሴት ዱቄት ወይም ቅቤ ይዛ ገብታ፣ ገንፎው እየተገነፋ ነው እናቲቱን በዚህ አባባል የምታጽናናት። ሦስተኛው ደግሞ እንደዚያ እንደ ሚኒባሱ ሰው ለለማኝ መሸኛ ያደርገዋል። ወንድሜ፣ ማተብህን አይቻለሁ፤ እምነትህንም አልጠራጠርም። ግን ያቺ ሴት እግዚአብሔር እንደሚያበላ ካንተ ይልቅ ታውቃለች፤ በስሙ ነው የለመነችህ፣ በእናቱ ስም። ለእሷ የሚነገር አልነበረም፤ ቃሉ ያንተ ነበር፤ ኪስህን ስትዳብስ፣ የቀረህ ስንት እንደሆነ ስትቆጥር፣ ነገ ምን እበላለሁ ብለህ ስትፈራ ለራስህ የምትለው።

እምዬ ለተራበ ሰው ፊት ለፊት ስትለው አንድም ቀን አልሰማኋትም። ፊቷን ወደ መሶቡ አዙራ፣ በለሆሳስ፣ እንጀራውን ለሁለት እየቆረሰች ነበር የምትለው።