ሞዴል ክሬን እንዳይደፋ፦ ክብደት የመጨመር ብልሃት

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ክሬን ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ተመርቋል። በለሚ በኩል ደግሞ በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግዙፍ የሲሚንቶ ፋብሪካ አለ። ያን ሁሉ ብረት አንጋጦ ሲያይ የከረመ ሰው ትንሹን ሞዴል ጠረጴዛው ላይ ማቆም ቢያምረው አይገርምም። ሞዴሉን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞለት ይመጣል። ቡሙ፣ ማለትም ዕቃ የሚያነሳው ረጅም ክንዱ፣ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ግን ክሬኑ በአፍንጫው ድፍት ይላል።

እነዚህ ሞዴሎች በብዛት የሚሠሩት በ1፡50 ልኬት፣ ማለትም ከእውነተኛው 50 ጊዜ አንሰው ነው። ዋናው አካላቸው ዛማክ የሚባል፣ በአብዛኛው ዚንክ የሆነና ጥቂት አሉሚኒየም የገባበት ቅይጥ ነው። ቀልጦ በግፊት ሻጋታ ውስጥ ይገባል።

ቁመት፣ ርዝመትና ስፋት እያንዳንዳቸው በ50 ሲካፈሉ ክብደት በ125,000 (50×50×50) ይካፈላል። ሊብሄር ኤልቲኤም 11200 የተባለው ክሬን 100 ሜትር የሚደርስ ቡም አለው። ከኋላው ቡሙ ወደፊት እንዳይደፋው የሚይዝ እስከ 202 ቶን ክብደት፣ ማለትም ማመጣጠኛ፣ ይጫንበታል። በ1፡50 ሲሰላ ቡሙ 2 ሜትር፣ ማመጣጠኛው 1.6 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ችግሩ ሁሉም ነገር እኩል አለመቅለሉ ነው። የእውነተኛው ቡም ላሜራ በ50 ቢካፈል ለመቅረጽ የማይቻል ስስ ነገር ይሆናል። ስለዚህ የሞዴሉ ቡም ከሚገባው በላይ ወፍራምና ከባድ ሆኖ ይወጣል። የኋላው ማመጣጠኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ውስጡ ባዶ ወይም ፕላስቲክ ነው። 10 ቶን የሚመዝን ድፍን ብረት በልኬቱ 80 ግራም መምጣት ነበረበት። በፕላስቲክ ሲሠራ ግን 11 ግራም ቢሆን ነው።

ክብደቱ የት ይቀመጥ የሚለው ስንት ይሁን ከሚለው አይተናነስም። ቡሙ 150 ግራም ቢመዝን፣ የክብደቱ ማዕከልም ክሬኑ ከሚደፋበት ጠርዝ 30 ሴንቲ ሜትር ወደፊት ቢሆን፣ ከጠርዙ 10 ሴንቲ ሜትር ወደኋላ 450 ግራም ይፈልጋል። 15 ሴንቲ ሜትር ከራቀ 300 ግራም ይበቃል። ይህ የሻሲው የራሱ ክብደት ሳይታሰብ ነው። የኋላ ማመጣጠኛ ከካቢኑ ጋር ስለሚዞር ቡሙ ወደየትም ቢዞር ያግዛል። ሻሲው ሆድ ውስጥ የተደበቀ ክብደት ደግሞ ሞዴሉን ዝቅ አድርጎ ይይዘዋል። ሁለቱን መከፋፈል ይሻላል ባይ ነኝ። ከኋላ ብቻ የተከመረበት ክሬን ቡሙ ቀጥ ብሎ ሲቆም በጀርባው ሊወድቅ ይችላልና። መንጠቆውም አይረሳ፤ ገመዱ እንዲወጠር ተብሎ የሚጨመርበት 20 ግራም ቡሙ ጫፍ ላይ ሆኖ ከኋላ ብዙ እጥፍ ያስከፍላል።

ከቁሳቁሶቹ ሁሉ ምቹው እርሳስ ነው። በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 11.3 ግራም ይመዝናል፤ ብረት 7.8 ነው። ጎማ ባላንስ የሚደረግበት ተለጣፊ እርሳስ በ5 እና በ10 ግራም ስለተከፋፈለ ለመመጠን ቀላል ነው። ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋ ሮቢት ጎሚስታ መጠየቅ ነው። እርሳስ የማይፈልግ ሰው ዳዶና የኩሽኔታ ኳስ ይጠቀማል፤ ቦታ ይበላሉ እንጂ አይጎዱም።

እርሳስ መርዝ ነው። ከነኩት በኋላ እጅ መታጠብ፣ ከልጆችም ማራቅ ግድ ነው። ቤት ውስጥ አቅልጦ ሞዴል ውስጥ ማፍሰስ ጨርሶ አይሞከር። ጭሱ ይቅርና እርሳስ የሚቀልጥበት 327 ዲግሪ ዛማክ ከሚቀልጥበት ብዙም ስለማይርቅ ሞዴሉን ያጣምመዋል። የእርሳስ ጠጠር በነጭ የእንጨት ኮላ ማጣበቅም ችግር አለው። ከጊዜ በኋላ እርሳሱ ይዝግና ያብጣል፤ የተዘጋበትን አካል እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል። ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚጠነክረው ኢፖክሲ ማጣበቂያ ይሻላል።

ከሁሉም የሚመረጠው ግን በሁለት ፊት ፕላስተር የተያዘ፣ ሲፈለግ የሚወጣ ክብደት ነው። ሞዴሉ ቢሸጥ ዋጋው አይወርድም። ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር ጠመዝማዛ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሞዴል ካለም ቡሙ ታጥፎ፣ ክብደቱ ወጥቶ ለብቻው ይጠቀለላል። ያለበለዚያ የተላቀቀ እርሳስ ቀለሙን ሲልጥ መንገዱ ያልቃል።