ሁለቱ ባሕሮች፦ ባህሬን ሄዶ ምን ይታያል?

ብዙዎቻችን ባህሬንን የምናውቃት በሁለት ነገር ነው። አንድም ለሥራ የሄደች እህት ወይ ዘመድ አለችን፣ አንድም በሩጫ። የአርሲዋ ዘነበች ቶላ፣ ማርያም ዩሱፍ ጀማል ተብላ ለባህሬን ሮጣ በ2007 እና በ2009 በ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች (ዓመቶቹ ሁሉ እዚህ ጽሑፍ ላይ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አገሯን ለማየት ብሎ የሚሄድ ሐበሻ ግን ጥቂት ነው። ዱባይ ጋርዳታለች።

ባህሬን ትንሽ ናት። ስፋቷ 780 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣና ሐይቅ ላይ ብትዘረጓት ሦስት ጊዜ ትገባለች፣ ትርፍም ይኖራል። ጠዋት ከሰሜን ተነስቶ ደቡቡን አይቶ ለምሳ መመለስ ይቻላል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ትንሽ ናት ብሎ የዋና ከተማዋን የማናማን የገበያ አዳራሾች ዞሮ «አለቀ» ይላል። አላለቀም። ባህሬን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ነው የምትሰፋው።

ከስሟ እንጀምር። ባህሬን በዐረብኛ «ሁለት ባሕሮች» ማለት ነው። ለእኛ መተርጎም እንኳ አያስፈልገውም፣ ባሕር ያው ባሕር ነው። ሁለቱ የትኞቹ ናቸው ለሚለው መልሱ ብዙ ነው፤ በብዛት የሚባለው ግን አንዱ ጨዋማው ባሕር፣ ሌላው ከምድር ሥር የሚፈልቀው የሚጠጣ ውሃ ነው የሚለው ነው። ነገሩ ደግሞ ተረት አይደለም። ከባሕሩ ወለል ጨው የሌለበት ውሃ የሚያፈልቁ ምንጮች ስለነበሩ፣ ዕንቁ ፍለጋ የሚጠልቁ ሰዎች አቁማዳ ይዘው ወርደው መጠጫቸውን ከባሕር ሥር ይቀዱ ነበር። እኔ የምመክረው አገሪቱን በዚህ ውሃ በኩል እንድታዩዋት ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይመጣል።

መጀመሪያ ቀልዐት አል ባህሬን ሂዱ፣ የባህሬን ምሽግ ማለት ነው። ሰሜኑ ጠረፍ ላይ፣ ከማናማ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። ከሩቅ የሚታየው ግንቡ ነው፤ ፖርቱጋሎች በ16ኛው መቶ ዘመን ይዘው ያጠናከሩት፣ ማለትም እኛም አገር በመጡበት ዘመን። ዋናው ነገር ግን ግንቡ ሳይሆን የቆማችሁበት መሬት ነው። ኮረብታ ይመስላል እንጂ ኮረብታ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2300 ዓመት ገደማ ጀምሮ ሰው በሰው ላይ፣ ቤት በቤት ፍርስራሽ ላይ እየሠራ የከመረው 12 ሜትር ጉብታ ነው። የዴንማርክ አርኪዮሎጂስቶች በ1950ዎቹ መቆፈር ሲጀምሩ ከተማ በከተማ ላይ ተደራርቦ አገኙ። ዩኔስኮ በ2005 በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ጎኑ ያለው ሙዚየም እነዚያን ንብርብሮች አንድ በአንድ ያሳያችኋል፤ እሱን ካያችሁ በኋላ ፀሐይ ስትጠልቅ ግንቡ ዙሪያ በእግር መዞር ነው።

ይህቺ ከተማ የዲልሙን ናት። ዲልሙን በሜሶጶጣሚያና በኢንደስ ሸለቆ መካከል ሆና የምትነግድ፣ የኦማንን መዳብ የምታሻግር አገር ነበረች። የሜሶጶጣሚያዎቹ ሱመሮች በጽሑፋቸው የተባረከች ንጹሕ ምድር ይሏታል፤ ውሃዋን የሰጣት ኤንኪ የሚባለው የምንጭ አምላካቸው ነው ብለውም ያምኑ ነበር። ከምሽጉ ብዙም ሳትርቁ ባርባር የሚባል የቤተ መቅደስ ፍርስራሽ አለ፤ በተለያየ ዘመን አንዱ በአንዱ ላይ የተሠሩ ሦስት ቤተ መቅደሶች ናቸው። እዚያ ምን አለ? የውሃ ጉድጓድ፣ በደረጃ የሚወረድበት። ድንጋዩን ብቻ ካያችሁ አሰልቺ ነው፣ አልዋሻችሁም። ደረጃው ወዴት እንደሚወርድ ካወቃችሁ ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

ከዚያ መቃብሮቹ። ከ4000 ዓመት በፊት ዲልሙኖች ሬሳቸውን የቀበሩባቸው ጉብታዎች የደሴቷን ምዕራባዊ ክፍል ሞልተውታል። ዩኔስኮ በ2019 የመዘገባቸው ብቻ በ21 ቦታ ላይ 11,774 ናቸው። ከመብዛታቸው የተነሳ አንዳንድ ተመራማሪዎች ባህሬን ሰው የማይኖርባት፣ ከዋናው ምድር ሬሳ እየተጫነ የሚመጣባት የመቃብር ደሴት ናት ብለው ነበር፤ ከተማዋ ተቆፍራ ስትወጣ ነው ነገሩ የተስተካከለው። ዓሊ የሚባለው መንደር ሄዳችሁ ትልልቆቹን፣ የነገሥታቱን እዩ። ባለ ሁለት ፎቅ ቤት የሚያክል ጉብታ ከመኖሪያ ቤት ጎን ተቀምጧል፣ ልጆች በሥሩ ኳስ ቢጫወቱ የሚገርመው የለም። ዓሊ የሸክላ ሠሪዎችም መንደር ስለሆነ በዚያው ገንቦ ምናምን መግዛት ይቻላል።

ያ ሁሉ ውሃ ዛሬ የት ሄደ? ዐዛሪ የምትባል ታዋቂ ምንጭ ነበረች። ውሃዋ በቦይ ራቅ ወዳለ እርሻ ስለሚሄድ ባህሬኖች «ዐዛሪ ሩቁን ታጠጣለች፣ ቅርቡን ትተዋለች» ይላሉ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ለምንል ሰዎች ይኼ ማብራሪያ አይፈልግም። የከርሰ ምድሩ ውሃ ከመጠን በላይ ሲሳብ ምንጯ ደረቀች፤ ቦታው አሁን የልጆች መዝናኛ ነው። አገሪቱም ዛሬ በብዛት የምትጠጣው ጨዉ የተጣራለት የባሕር ውሃ ነው።

አሁን ወደ ዕንቁው። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ሌላውን ሁሉ ተዉትና ሙሐረቅ ሂዱ። አውሮፕላን ማረፊያው ያለበት ደሴት ስለሆነ ሰበብ የላችሁም። የድሮዋ ዋና ከተማ ነች። ጠባብ ጠባብ መንገዶቿ ውስጥ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ «የዕንቁ መንገድ» አለ፤ ዩኔስኮ በ2012 የመዘገበው፣ 17 ሕንጻዎችን፣ ጀልባዎች የሚነሱበትን የቡ ማሂር ጠረፍና ባሕር ውስጥ ያሉ ሦስት የዛጎል ሜዳዎችን የያዘ። መንገዱን የሚመሩት ጫፋቸው ላይ ነጭ ሉል ያለባቸው መብራቶች ናቸው። የነጋዴው ቤት ያጌጠ፣ የጠላቂው ቤት ጠባብ። የድሮው ገዢ የሼኽ ዒሳ ቢን ዓሊ ቤት ውስጥ የነፋስ ማማ አለ፤ ከላይ ነፋሱን ይዞ ወደ ክፍሉ የሚያወርድ፣ ኤሌክትሪክ ሳይኖር ኤሲ ማለት ነው።

ሥራው ግን ጭካኔ ነበረው። በጋውን ሙሉ፣ አራት ወር ያህል፣ ባሕር ላይ። ጠላቂው አፍንጫውን በመቆንጠጫ ይዘጋል፣ እግሩ ላይ ድንጋይ ያስራል፣ በአንድ ትንፋሽ ይወርዳል፤ ላይ ያለው ጓደኛው በገመድ ይጎትተዋል። ጀልባው ላይ ሥራው ዘፈን ብቻ የሆነ ሰው ነበር፤ ፊጅሪ የሚባለው ይህ ዜማ ዛሬም አልጠፋም። ብዙው ጠላቂ ለጀልባው አዛዥ የማያልቅ ዕዳ ነበረበት። ከምሥራቅ አፍሪካ ባሕር አሻግረው የሸጧቸው ባሪያዎችም በዚህ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ባርነት በባህሬን በሕግ የቀረው በ1937 ነው። ቤቶቹን ስታዩ ይኼንንም አስቡ፤ ጌጡ ከየት እንደመጣ ማወቅ አይከፋም።

ከዚያ ጃፓኖች ዕንቁ ማርባት ቻሉ፣ የ1929ኙ የዓለም ኢኮኖሚ ድቀት መጣ፣ ገበያው ወደቀ። ባህሬንን ያተረፋት በ1932 ጀበል ዱኻን የሚባለው ኮረብታ ሥር የወጣው ነዳጅ ነው፤ በባሕረ ሰላጤው የዐረብ ጠረፍ የመጀመሪያው። ዱኻን ጭስ ማለት ነው፤ የእኛ ጢስ ዓባይ ወንድም በሉት። የአገሪቱ ከፍተኛ ቦታ ቢሆንም 134 ሜትር ብቻ ነው፣ ተራራ ለማለት ሐበሻ ይሉኝታ ይይዘዋል። የመጀመሪያው ጉድጓድ አሁንም ይጎበኛል።

እዚያው አካባቢ፣ በረሃው መሐል፣ ብቻዋን የቆመች «የሕይወት ዛፍ» አለች። ዕድሜዋ 400 ዓመት ያህል ነው ይባላል። በአቅራቢያዋ የሚታይ ውሃ የለም፣ እሷ ግን ለምልማለች። ዘሯን ስሙት፦ ፕሮሶፒስ። አፋርን ያስለቀሰው የዚያ ወራሪ ዛፍ የቅርብ ዘመድ ናት። እኛ የምንነቅለውን ሰው ከሩቅ መጥቶ ይጎበኘዋል ብላችሁ ብትስቁ አይፈረድባችሁም፤ ግን ዝርያዋ ሌላ ነው፣ ጠባይዋም እንዲሁ። ወደዚያ ስትወርዱ ሰኺር ላይ የፎርሙላ ዋን ሜዳውን ታልፋላችሁ፤ በመካከለኛው ምሥራቅ የመጀመሪያው ውድድር የተካሄደው እዚህ ነው፣ በ2004። መኪና ለሚወድ እንጂ ለሌላው ጩኸት ነው።

ማናማ ውስጥ ባብ አል ባህሬን ከሚባለው በር ገብታችሁ ገበያው ውስጥ ጥፉ። እኛ ሱቅ የምንለው ቃል እነሱ ዘንድ ገበያው በሙሉ ነው። በሩ ሲሠራ ባሕሩ ፊቱ ላይ ነበር፤ አሁን በአፈር ተሞልቶ ርቋል። ቅመም፣ ወርቅ፣ ዕጣን፣ ከኋላ ደግሞ 200 ዓመት ያህል ያስቆጠረ የሂንዱ ቤተ መቅደስ። የፋቲሕ ታላቅ መስጊድ 7,000 ሰው ይይዛል፣ ሙስሊም ላልሆነም ክፍት ነው፣ ለሴቶች ዓባያ እዚያው ይሰጣል። አርብ አትሂዱ። ከማናማ ወጣ ብሎ ዓዋሊ የሚባለው ከተማ ያለው የካቶሊክ ካቴድራል የተመረቀው በ2021 መጨረሻ ነው፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በ2022 ሄደውበታል።

ጊዜውን ምረጡ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ጥሩ ነው፣ ክረምታችን ግን እነሱ ዘንድ ከ40 ዲግሪ በላይ እሳት ነው። ሐሙስ ማታ ሳዑዲዎች በ25 ኪሎ ሜትሩ የባሕር ድልድይ ይጎርፋሉ፤ ሆቴልም ይወደዳል፣ መንገዱም ይዘጋል። ዲናራቸው ከሁለት ዶላር ተኩል በላይ ስለሆነ ዋጋ ስትሰሙ «አምስት ብቻ?» ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ምሳ መችቡስ ብሉ፣ ሩዙ ውስጥ ያለው የደረቀ ሎሚ ነው ጣዕሙ። ሐልዋውን፣ ሳፍሮን ያለበትን ቀዩን፣ ከሙሐረቅ ግዙ፤ አውሮፕላን ማረፊያው እዚያው ነው፣ በመጨረሻው ቀን ይደርሳል።