ፍሮይላን ጎንዛሌዝ፦ በፌራሪ መኪና የመጀመሪያውን የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮና ድል ያገኘው አርጀንቲናዊ

በፌራሪ መኪና የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮና ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው ሰው ሆሴ ፍሮይላን ጎንዛሌዝ ይባላል። የተወለደው ኦክቶበር 5 ቀን 1922 በአርጀንቲና፣ በቦነስ አይረስ ክፍለ ሀገር በምትገኘው አሬሲፌስ ነው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። አሬሲፌስ ትንሽ ከተማ ናት። በአገሯ የምትታወቀው ግን በመኪና እሽቅድድም ነው፤ ከእሱ በኋላም ብዙ ስመ ጥር አሽከርካሪዎችን አፍርታለች።

ጎንዛሌዝ ግዙፍ ሰው ነበር። የአገሩ ሰዎች «ኤል ካቤሶን»፣ ባለ ትልቅ ጭንቅላቱ፣ ይሉታል። እንግሊዞች ደግሞ «የፓምፓው ኮርማ» ብለው ሰየሙት። ውፍረቱን ያየ ሰው ስፖርተኛ አይመስለውም፤ እሱ ግን ዋናተኛ፣ ብስክሌተኛና ጎበዝ ተኳሽ ነበር። ሲነዳ መሪው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ክርኖቹን ወደ ውጭ ከፍቶ፣ ከመኪናው ጋር እየታገለ ነው። ጓደኛውና የአገሩ ልጅ ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ የሚነዳው በረጋ እጅ ነበር። ፋንጂዮ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ስለሆነ የጎንዛሌዝ ስም በእሱ ስም ተሸፍኗል። በእኔ እምነት ይህ አይገባውም ነበር።

በዚያን ጊዜ ከአርጀንቲና አውሮፓ ድረስ ሄዶ መወዳደር ቀላል አልነበረም። የአርጀንቲና አውቶሞቢል ክለብና የሁዋን ፔሮን መንግሥት ድጋፍ ባይኖር ብዙዎቹ ባሕሩን ባልተሻገሩ ነበር። ጎንዛሌዝ በ1950 ሞናኮ ላይ በማዜራቲ መኪና የዓለም ሻምፒዮናውን ተቀላቀለ። አልቀናውም፤ መኪናው በእሳት ተያያዘች። ነገር የተለወጠው በፌብሩዋሪ 1951፣ ቦነስ አይረስ ላይ ነው። መርሴዲስ ከጦርነቱ በፊት የሠራቸውን ኃይለኛ መኪኖች ይዞ መጣ፤ አንደኛዋን የያዘው ራሱ ፋንጂዮ ነበር። ጎንዛሌዝ በሁለት ሊትር ፌራሪ ሁለት ውድድር ተወዳደረ፣ ሁለቱንም አሸነፈ። ከጥቂት ወራት በኋላ የፌራሪው ፒዬሮ ታሩፊ ሲታመም ጎንዛሌዝ ተጠራ።

ያኔ አንድን መኪና ለሁለት መንዳትና ነጥቡን መካፈል ይፈቀድ ነበር። በፈረንሳይ ሬምስ፣ በፌራሪ ቡድን የመጀመሪያ ውድድሩ፣ ጎንዛሌዝ መኪናውን ለቡድን ጓደኛው ለአልቤርቶ አስካሪ እንዲለቅ ተደረገ። አስካሪ የራሱ መኪና ተበላሽቶበት ነበር። በጎንዛሌዝ መኪና ሁለተኛ ወጣ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ በእንግሊዝ የሲልቨርስቶን ውድድር ደረሰ። ጁላይ 14 ቀን 1951። የዓለም ሻምፒዮናው በ1950 ከተጀመረ ወዲህ፣ ከአሜሪካው ኢንዲያናፖሊስ በቀር፣ አልፋ ሮሜዮ አንድም ውድድር አልተሸነፈም። የአልፋ ሞተር አንድ ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ ነገር ግን አየር በግፊት እየተሞላለት ከፍተኛ ጉልበት ያወጣል። ችግሩ ነዳጅ ነው። በአንድ ሊትር አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሄድም። የፌራሪው 375 ሞተር አራት ሊትር ተኩል ሆኖ ያለ ግፊት ይሠራል፤ የሚጠጣው ግን ከአልፋው ያነሰ ነው። ስለዚህ አልፋዎቹ ሁለት ጊዜ ቆመው ሲሞሉ ፌራሪ አንድ ጊዜ ይበቃዋል።

ጎንዛሌዝ የተሰጠው ከቡድን ጓደኞቹ የቆየ ሞተር ነበር። እንዲያም ሆኖ በማጣሪያው ፋንጂዮን በአንድ ሰከንድ በልጦ አንደኛ ሆነ። በውድድሩ ሁለቱ ጓደኛሞች እየተፈራረቁ መሩ። ጎንዛሌዝ ነዳጅ ሊሞላ ሲቆም፣ ካምቢዮ ተሰብሮበት ከውድድሩ የወጣው አስካሪ እዚያው ቆሟል። ጎንዛሌዝ እንደ ሬምሱ መኪናውን ሊለቅለት ተነሣ። አስካሪ እምቢ አለ፤ ትከሻውን መታ አድርጎ ቀጥል አለው። 90 ዙር ሲያልቅ ጎንዛሌዝ ፋንጂዮን በ51 ሰከንድ ቀድሞት ነበር። የፌራሪ መሥራች ኤንዞ ፌራሪ ቀድሞ የአልፋን የውድድር ቡድን ይመራ ስለነበር፣ በደስታ አልቅሶ እናቱን የገደለ ያህል እንደተሰማው ተናግሯል። አልፋ በዓመቱ መጨረሻ ከውድድር ወጣ። ጎንዛሌዝ በሻምፒዮናው ሦስተኛ ሆነ።

ብዙ ሰው የሚያነሣለት ሲልቨርስቶንን ነው። እኔ የምመርጠው የ1954ቱን የፈረንሳይ ሌ ማን ውድድር ነው። የ24 ሰዓት ውድድር፣ ዝናብ፣ ወደ አምስት ሊትር የሚጠጋ ሞተር ያላት ፌራሪ። አብሮት በተራ የነዳው ፈረንሳዊው ሞሪስ ትራንቲኛን ነበር። ሌሎቹ ሁለት የፌራሪ ቡድን መኪኖች ተበላሽተው ቀሩ። ሊያበቃ ሲል መኪናዋ ነዳጅ ልትሞላ ቆማ አልነሣም አለች፤ ዝናቡ የኤሌክትሪክ መስመሯን አርሶት ነበር። መካኒኮቹ ሲታገሉ ደቂቃዎች ነጎዱ፣ ጃጓር ተጠጋ። በመጨረሻ ሞተሩ ተነሣ። ጎንዛሌዝ እንቅልፍ ባጣ ዓይኑ፣ በጎርፍ ላይ፣ ያንን ሁሉ ጉልበት ተቆጣጥሮ ገባ። ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተነድቶ ልዩነቱ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር።

በሚቀጥለው ወር ሲልቨርስቶን ላይ ደግሞ አሸነፈ። በዚያ ቀን ሰዓት የሚያዘው በሙሉ ሰከንድ ስለነበር ሰባት ሰዎች እኩል ፈጣን ዙር ነዱ ተብሎ ለፈጣኑ ዙር የምትሰጠው አንዷ ነጥብ ለሰባት ተከፈለች። ከሰባቱ አንዱ ወጣቱ አርጀንቲናዊ ኦኖፍሬ ማሪሞን ነበር። ማሪሞን ከሁለት ሳምንት በኋላ ጀርመን ኑርበርግሪንግ ላይ በልምምድ ሞተ። ጎንዛሌዝ ክፉኛ አዘነ። ውድድሩን ቢጀምርም መቀጠል አቅቶት መኪናውን ለቡድን ጓደኛው ለማይክ ሆውቶርን ለቀቀ፤ ሆውቶርን ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። በሴፕቴምበር ሰሜን አየርላንድ ዳንድሮድ ላይ ራሱ ጎንዛሌዝ ተጋጭቶ ተጎዳ። ዓመቱን ከፋንጂዮ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ቢጨርስም፣ ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ ሙሉ ዓመት አልተወዳደረም።

ከ1955 በኋላ በብዛት የሚታየው በአገሩ ውድድር ላይ ነበር። በ1960 ቦነስ አይረስ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ በፎርሙላ ዋን ተሰለፈ። በ26 ውድድር ሁለት ጊዜ አሸንፏል፣ 15 ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወጥቶ መድረክ ላይ ቆሟል። ሩጫውን ቢያቆምም መኪናን አልተወም። በ1960ዎቹ ሆርሄ ኩፔይሮ የነዳትን፣ በአርጀንቲና የመንገድ ውድድር ዝነኛ የሆነችውን «ቼቪቱ» ያሰናዳው ቡድን ጀርባ እሱ ነበር። በ2011 ፈርናንዶ አሎንሶ የ1951ዱን ድል 60ኛ ዓመት ለማክበር አሮጌዋን 375 ሲልቨርስቶን ላይ ሲነዳት፣ በዚያው ቀንም ለፌራሪ ሲያሸንፍ፣ ጎንዛሌዝ በሕይወት ነበር። ጁን 15 ቀን 2013 በቦነስ አይረስ በ90 ዓመቱ አረፈ።