ስለ ትሪኒዳድ ኮንትራት ሠራተኞች የሚነገረውና እውነታው

(ቀኑና ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ነፃ የወጡት ጥቁሮች ሥራ ስለጠሉ ሕንዶች መጡ»

ይህን ወሬ የነዙት የሸንኮራ እርሻ ባለቤቶቹ ናቸው። እንግሊዞች በካሪቢያን ባሕር ባለችው ቅኝ ግዛታቸው፣ በትሪኒዳድ ደሴት፣ ባርነትን በ1834 ቢሽሩም፣ «ተለማማጅ» ተብለው እስከ 1838 ለቀድሞ ጌቶቻቸው አብዛኛውን ሰዓት ያለ ደመወዝ የሠሩ ብዙ ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን ጉልበታቸው ዋጋ አወጣ። ደሴቲቱ ላይ ጠፍ መሬት ሞልቷል፤ ያልተስማማው ሰው ለራሱ ያርሳል፣ አለዚያም ከተማ ይገባል። ሸንኮራ መቁረጡን ያልተዉትም የተሻለ ክፍያ ጠየቁ። ባለርስቶቹን ያንገበገባቸው ይኸው ነው፤ የቸገራቸው ሠራተኛ ሳይሆን በደመወዝ የማይከራከር ሠራተኛ ነበር። ሰው ከሕንድ የማስመጣቱ ወጪ ደግሞ በከፊል የተሸፈነው ከቅኝ ግዛቱ ግምጃ ቤት ነው። ነፃ የወጣው ሰው ደመወዙን የሚያወርድበት ተፎካካሪ የሚመጣው እሱ ራሱ በከፈለው ቀረጥ ነበር ማለት ነው። ስንፍናውን የሚያወሩ ሰዎች ይህቺን ይዘሏታል።

«ከውጭ የመጡ የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ሕንዶች ናቸው»

አይደሉም። በ1806 ወደ 200 የሚጠጉ ቻይናውያን መጥተው አብዛኞቹ ብዙም ሳይቆዩ ሄደዋል። ሕንዶችን የጫነችው የመጀመሪያዋ መርከብ፣ ፋተል ራዛክ፣ የደረሰችው ግንቦት 30 ቀን 1845 ነው።

«ወደው ፈርመዋል፤ ነፃ ሠራተኞች ነበሩ»

የፈረሙትስ ፈርመዋል። ነገር ግን ለአምስት ዓመት የታሰረ ውል ነው፤ ለወንድ የቀን ክፍያው 25 ሳንቲም ገደማ ነበር። ከሥራ የቀረ ወይም ያለ ይለፍ ወረቀት ከእርሻው ውጭ የተገኘ እንደ ወንጀለኛ ይታሰራል። ባርነት ነው እንዳይባል ውሉ ማብቂያ አለው፣ ልጆቻቸውም የማንም ንብረት አይደሉም። ነፃነት ለማለት ግን እኔ አልደፍርም።

«ሴቶቹ ባሎቻቸውን ተከትለው የመጡ ናቸው»

ብዙዎቹ ብቻቸውን ነው የመጡት፤ መበለቶችና ባላቸውን ጥለው የወጡ ይገኙባቸዋል።

«ታዛዥ ነበሩ»

በ1884 መንግሥት የሆሴይ በዓል (የነቢዩ መሐመድ የልጅ ልጅ የሑሴን ሞት የሚታሰብበት) ሰልፍ ወደ ከተማ እንዳይገባ ከለከለ። ሠራተኞቹ ግን ያጌጠ ምስለ መቃብር ተሸክመው ወደ ሳን ፈርናንዶ ገሠገሡ። ፖሊስ ተኩሶባቸው ብዙዎች ሞቱ።

«ውላቸው ሲያልቅ አገራቸው ገቡ»

እስከ 1917 ከመጡት ወደ 144,000 ሰዎች የተመለሱት ሩብ ያህሉ ናቸው። ነፃ የመመለሻ ጉዞ ለማግኘት በደሴቲቱ አሥር ዓመት መቆየት ግዴታ ነበር፤ ከ1869 ጀምሮ ደግሞ በጉዞው ምትክ መሬት የወሰዱ አሉ። ዛሬ ከትሪኒዳድና ቶቤጎ ሕዝብ ከሲሶ በላይ የሚሆነው የሕንድ ዝርያ ያለው ነው።