ጎልድፊሽና ተክል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጎልድፊሽ ባለበት አኳሪየም (የዓሣ ማቆያ መስተዋት) ውስጥ እውነተኛ ተክል ማቆየት ይቻላል። ፕላስቲክ ብቻ ነው የሚያዋጣው የሚለውን አትስሙ። ተክሎቹን የሚፈጃቸው አብዛኛውን ጊዜ ዓሣው ሳይሆን የአተካከል ምክሩ ነው። ድሬዳዋ ላይ ለሚያረባ ሰው የሚጠቅሙትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ጎልድፊሽ ተንኮለኛ ነው፣ ሆን ብሎ ይነቅላል» ይባላል። አይደለም፣ ምግብ እየፈለገ ነው። ጎልድፊሽ ካርፕ የሚባለው ዓሣ ወገን ነው፤ ጨጓራ የለውም። የበላው ቶሎ ያልፍለታል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ጠጠሩን በአፉ እያነሣ የሚበላውን ያስቀርና ሌላውን ይተፋል። ምግብ ብታበዙለትም መቆፈሩን አይተውም፤ ውኃው ይቆሽሻል እንጂ።

«ጠለቅ አድርጋችሁ ቅበሩት፣ ያኔ አይነቀልም።» ብዙ ተክል የጨረሰው ይሄ ምክር ነው። ለጎልድፊሽ ከሚመቹት ውስጥ አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ዋነኞቹ ናቸው፤ ቅጠላቸው ጠንካራ ስለሆነ ዓሣው እምብዛም አይበላቸውም። የሁለቱም ሥር የሚወጣው አግድም ከሚሄድ ወፍራም ግንድ ነው። ያ ግንድ ጠጠር ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ቅጠሉ ለጥቂት ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ይቆይና አንድ ጠዋት ተንሳፍፎ ይገኛል። ጥፋቱም በዓሣው ይላከካል።

እነዚህ ተክሎች አፈር አያስፈልጋቸውም። ግንዱን ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ አድርጋችሁ በጥጥ ክር ወይም በዓሣ ማጥመጃ ናይለን እሰሩት። ጠበቅ ይበል፣ ግንዱን ግን አይቁረጠው። ከሳምንታት በኋላ ሥሩ ራሱ ድንጋዩን ይይዛል። ከባድ ድንጋይ ደግሞ ጠጠር አናት ላይ አይቀመጥም። ዓሣው ከድንጋዩ ሥር ሲቆፍር ተገልብጦ መስተዋቱን ሊሰብረው ይችላል። መጀመሪያ ድንጋዩን ወለሉ ላይ፣ ከዚያ ጠጠሩን ዙሪያውን።

«ሥሩ መሬት የሚፈልግ ተክል ከጎልድፊሽ ጋር አይሆንም» የሚሉም አሉ። ቫሊስኔሪያ የሚባለው የውኃ ተክል ይሆናል። ቀለም ያልተቀባች ትንሽ የሸክላ ዕቃ ውስጥ በጠጠር ትከሉት። አፉን ዓሣው ሊያነሣቸው በማይችል ድንጋዮች ክደኑት፣ ለቅጠሉ ብቻ ቦታ ትታችሁ። ሥር እስኪሰድ ድረስ ይሄ ይበቃዋል። በእግሩ ላይ ብረት ተጠምጥሞ ከተሸጠላችሁ ግን ፍቱት፤ እየጨመቀ ያበሰብሰዋል።

«ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ አምጣና ጨምር፣ ነፃ ነው።» ነፃ ቢሆንም የከተማው ጎርፍ ያመጣው ሁሉ አብሮት አለ። ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ደጋግሞ ማጠብ ግድ ነው። የጠጠሩ መጠንም ወሳኝ ነው፦ ወይ ደቃቅ አሸዋ፣ ወይ አፉ ውስጥ የማይገባ። መካከለኛው ጉሮሮው ላይ ይሰነቀራል። ድሬ ሲሚንቶ የምታመርት፣ ዙሪያዋ የኖራ ድንጋይ የሆነ ከተማ ናት። ስለዚህ ከሜዳ ያነሣችሁት ድንጋይ ላይ ትንሽ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፤ ውኃውን ይበልጥ ያከብደዋል፣ ማለትም የሟሟ ኖራ ይጨምርበታል። የድሬ ውኃ ደግሞ በራሱ ከባድ ነው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ያለውን ነጭ ቅርፊት ተመልከቱ። ጎልድፊሽም ቫሊስኔሪያም ከባድ ውኃ ይችላሉ፤ መጨመሩ ግን ምን ያደርጋል?

የመጨረሻው በተለይ ለኛ ከተማ አደገኛ ነው፦ «ተክል ካለ የአየር ፓምፕ አያስፈልግም።» ተክል ኦክስጅን የሚሰጠው ብርሃን ሲያገኝ ነው። ማታ እሱም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይወስዳል። የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ሲመጣ ደግሞ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ጎልድፊሽ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ የሚወድ ዓሣ ነው። ፓምፑን ማታ አታጥፉ። መብራት ከሄደና ዓሣዎቹ ውኃው አናት ላይ አፋቸውን መክፈት ከጀመሩ፣ ውኃውን በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱበት።