እድር ቀብር ላይ አይመሠረትም፦ ስለ አደጋ ጊዜ እርዳታ ማሰባሰብ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ በአንድ አነስተኛ አገር በቀል ድርጅት ነው የምሠራው። ሥራዬ ለአደጋ ጊዜ ሀብት ማሰባሰብ ነው። ነጋዴ፣ ባንክ፣ እድር፣ የዲያስፖራ ማኅበር፣ የውጭ ለጋሽ፣ የማላንኳኳው በር የለም። ጓደኞቼ "ቢሮ ያለው ለማኝ" ይሉኛል፤ እሱን ለምጄዋለሁ። ሻይ ቤት ቁጭ ባልኩ ቁጥር የምሰማቸውን አንዳንድ ነገሮች ግን አልለመድኳቸውም።

"አደጋ ሲደርስ አጋር እንፈልጋለን"

እድር ባለበት አገር ይህ መባሉ ይገርመኛል። እድር ቀብር ላይ አይመሠረትም። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ድሮ ተገዝቶ ተቀምጧል። ጥሩምባ ሲነፋ ማን ድንኳን እንደሚተክል፣ ማን ውሃ እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ገንዘብ ያዡም ለሐዘንተኛው ስንት ብር እንደሚሰጥ ስብሰባ አይጠራም። ደንቡ ላይ ተጽፏል።

የአደጋ ጊዜ አጋርነትም ይኸው ነው። በደህናው ጊዜ ቁጭ ብለን እንፈራረማለን። ማን ለማን ይደውላል? ነዳጁን ማን ይችላል? ብሩ የሚገባበት ሒሳብ በእነማን ጥምር ፊርማ ይንቀሳቀሳል? በ2016 ዓ.ም. ጃን አሞራና ጠለምት በድርቅ ሲጎዱ ውል የነበረን ባለ መኪና በማግስቱ ደባርቅ ደርሷል። ውል ያልነበረን አጋር ጋ ግን ደብዳቤ አስገቡ፣ ማኅተም ጎድሏል፣ "ኃላፊው ስብሰባ ናቸው" ስንባል ሦስት ሳምንት ሄደ። ሰውየው መስጠት አልፈለገም ማለት አይደለም። የሚሰጥበት መንገድ አልተበጀለትም እንጂ።

"ገንዘብ ይበላል፤ ዕቃ ይሻላል"

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ስጋቱም ስለሚገባኝ። ብሩ የት እንደገባ ሳያውቅ የቀረ ሰው በዓይኑ የሚያየውን ዕቃ ቢመርጥ አልፈርድበትም።

አንድ ጊዜ አንድ ሙሉ አይሱዙ ልብስ መጣልን። አዘዞ የተከራየናት መጋዘን ውስጥ ስድስት የቀን ሠራተኛ ይዘን አራት ቀን ስንለይ ከረምን። ውርጭ ለሚመታው ደጋ ከተላከው ውስጥ ስስ የክት ቀሚስ፣ ክራባት፣ ጓደኛው የጠፋ ካልሲ ወጣ። አንዱ ጆንያ እርጥብ እንዳለ ታስሮ ኖሮ፣ ሲፈታ ሽታው ሁላችንንም ደጅ አስወጣን። ከሥሩ አንድ ጋቢ አገኘን። ከሸማኔ እጅ እንደወጣ ነው፣ አንዴም አልተለበሰም። ሻጋታ በልቶታል። ያንን ጋቢ የፈተለችውን ሴት እስካሁን አስባለሁ። የመጋዘኑን ኪራይ፣ የሠራተኛውንና የመኪናውን ስንደምረው ደግሞ በወጪው ብቻ ብዙ አዲስ ብርድ ልብስ እንገዛ ነበር።

ከልብስ የባሰው የዱቄት ወተት ነው። ሰው የሚያለቅስ ሕፃን ሲያይ ቆርቆሮ ወተት ሊገዛ ይሮጣል። ንጹሕ ውሃና ጡጦ መቀቀያ በሌለበት መጠለያ ግን ያ ወተት ተቅማጥ ይዞ ይመጣል። እናትየው ማጥባት ስትቀንስም ጡቷ ይደርቃል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በአደጋ ጊዜ የዱቄት ወተት ልገሳ አትጠይቁ፣ አትቀበሉም የሚሉት ለዚህ ነው። መድኃኒትም ቢሆን በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት አገር ሲገባ በጥቅሉ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ ሊቀረው ይገባል። ጊዜው ያለፈበትን ማስወገድ ራሱ ወጪ ነው፤ ወጪውም የእኛ።

ታዲያ ሁሌ ብር ይሻላል ወይ? አይደለም። ደባርቅ ገበያ እህል ካለ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ጭኖ መምጣት ትርፉ ድካም ነው። ብሩን ለቤተሰቡ መስጠት ይሻላል። ገበያው ባዶ ከሆነ ወይም መንገድ ከተዘጋ ደግሞ ብር አይበላም፤ እህሉ ራሱ መሄድ አለበት። ስለዚህ ለጋሽ ጋ ከመደወላችን በፊት ገበያውን እናያለን።

"100 ብር ከሰጠሁ 100ው ብር ተጎጂው እጅ ይግባ"

ስንዴ በራሱ እግር ጃን አሞራ አይወጣም። ነዳጅ፣ አውራጅ፣ መዝጋቢ፣ ኦዲተር ያስፈልጋል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። እርዳታውን የሚያደርሰው መኪና ነዳጅ ግን የፕሮጀክቱ ሥራ እንጂ አስተዳደር አይደለም። በቀድሞው አዋጅ 621/2001 ዘመን 70/30 የሚባል ነገር ነበር፦ 70 በመቶው ለሥራ፣ ቢበዛ 30ው ለአስተዳደር። ጣሪያው 30 ቢሆንም የጉዞና የክትትል ወጪ ሳይቀር "አስተዳደር" እየተባለ ብዙ ድርጅት ተቸግሯል። "እኛ ምንም ወጪ የለንም" የሚል ድርጅት ካጋጠማችሁ ወይ ሌላ ሰው ከፍሎለታል፣ ወይ ዋሽቷል።

"የተረፈውን ለሌላ አደጋ ብናውለው ምን ችግር አለው?"

ሳይጠየቅ ከሆነ አለው። በሐምሌ 2016 የጎፋው የመሬት ናዳ ሲደርስ ከየአቅጣጫው ብር ተዋጣ። ለጎፋ የተሰጠ ብር የጎፋ ነው። በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. የህንድ ውቅያኖስ ሱናሚ ሲደርስ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው የሕክምና እርዳታ ድርጅት በቀናት ውስጥ "ለሱናሚ የሚበቃንን አግኝተናል" ብሎ መቀበል አቆመ። የሰጡትን ሰዎችም ወደ ሌላ አደጋ እናዙረው ወይ ብሎ ጠየቀ። እኛም ቅጻችን ላይ "ከተረፈ ለሌላ አደጋ ይዋል" የምትል አንዲት መስመር ጨምረናል። ብዙው ሰው ምልክት ያደርግባታል።

"ፈረንጁ አለ፣ ዲያስፖራው አለ" የሚለውን ቶሎ ልለፈው። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በድንገት ሲያቆም የብዙዎች ሥራ ባለበት ቆሟል። ምንዛሪም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ተቀይሮ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ወር ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር በጀት የያዘው ዕቃ ተወደደበት፤ በዶላር የያዘው ደግሞ በጀትህን ከልስ ተባለ። ውላችሁ ላይ "ምንዛሪ ቢለወጥስ?" የምትል አንቀጽ ፈልጉ።

"ለእኛ ሰው ብቻ ይሁን" የሚልም ለጋሽ አለ። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ በመተማ የገባው ሰው የመጣው እኛው ደጅ ነው። መለኪያው የጉዳቱ መጠን ነው። ይህን የማይቀበል አጋር አመስግነን ሸኝተናል፤ አንዴም ቆጭቶኛል፣ ብሩ ብዙ ነበርና።

"ብሩን ከተረከብን ምስክር ወረቀት መስጠት ይበቃል"

እንደማይበቃ ያስተማረኝ ቅዳሜ ገበያ ያለ አንድ የዘይት ነጋዴ ነው። በፍሬም ያማረ የምስጋና ወረቀት ይዤለት ሄድኩ። ወረቀቱን በርበሬ ጆንያ ላይ አስቀመጠውና፣

"ልጄ፣ እሱስ ይሁን። ዘይቴ የት ደረሰ?" አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከሳምንት በኋላ የሥርጭቱን ዝርዝር ይዤ ተመለስኩ። የትኛው ቀበሌ፣ ስንት አባወራ፣ ለአንዱ ስንት ሊትር። መጨረሻው ላይ አራት ጀሪካን መንገድ ላይ መፍሰሱም አለ። እሱን መስመር እንዳወጣው ባልደረባዬ መክሮኝ ነበር፤ ተውኩት። ነጋዴው መነጽሩን አድርጎ እዚያችው መስመር ላይ ቆመ።

"አራቱ ፈሰሱ?"

"አዎ ጋሼ፣ ክዳናቸው ላልቶ።"

"እንግዲያው ለሚቀጥለው ክዳኑ የታሸገውን ነው የምሰጥህ።"